ከአስፋልት የራቀ ገብስ

የመመረቂያ ጽሑፌ ስድሳ ሁለት ገጽ ነው። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሠንጠረዦቹ ቁጥራቸው አይዘልም፤ የምንጮቹ ዝርዝር በፊደል ተራ ነው። ሐሰት ያለው አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ብቻ ነው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር። እሱንም እያወቅሁ ነው የጻፍሁት።

ትምህርት የጀመርሁት በሰዓቱ ነበር፤ የጨረስሁት ነው ያለ ሰዓቱ። ከአንኮበር በላይ ባለው ቀበሌያችን ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ደብተሬን ከእጄ ተቀበለና ከጣሪያው ሥር ሰካው። ያኔ ቁመቴ አይደርስበትም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተዳርሁ። ትዳሩ ልጅ ሳይወለድበት ፈረሰና ደብረ ብርሃን መጥቼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርሁ። ሰባተኛ ክፍልን ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በማታ ቀጠልሁ፤ ቅዳሜና እሁድ እየተማርሁ የስታትስቲክስ ዲግሪ የያዝሁት ደግሞ ፀጉሬ ከፊት ለፊት ሲነጣ ነው። ለምን ስታትስቲክስ እንደመረጥሁ የሚጠይቁኝ አሉ። በመዝገብ ቤት ዘመኔ በእጄ ያለፈው ወረቀት ሁሉ ቁጥር ነበረበት፤ ቁጥሩን ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አላየሁም። እኔ ልጠይቅ ብዬ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ላይ አባቴ ታመመ። ታናሽ ወንድሜ ከአገር ቤት አምጥቶ እኔ ዘንድ አስተኛው፤ እሱ ለእርሻው ተመለሰ። ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንሥቶ እያየ፣ እኔን ሳያይ፣ «ክረምቱን ካለፈ ጥሩ ነው» አለኝ። ለአባቴ ይህን አልነገርሁትም፤ ግን ሳያውቀው አልቀረም።

«መቼ ነው የምትጨርሺ?» ይለኛል በየሳምንቱ።

«ሰኔ መጨረሻ፣ አባዬ።»

«ያስቆምሁሽ እኔ ነኝ። ሲያልቅ አይቼ ልሂድ።»

ስለዚያ ደብተር በሕይወቱ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ እኔም ከዚህ የበለጠ አልፈለግሁም። ሰኔ ላይ መጨረስ ብቻ ነበር የምፈልገው።

የጽሑፌ አማካሪ የነበረው መምህር በዕድሜ ወንድሜን ያክላል። ክፍል ውስጥ ሪግሬሽንን ሲያስረዳን ሰሌዳው ላይ ነጥብ በነጥብ አደረገና በመካከላቸው አንድ መስመር አሰመረ።

«መስመሩ ሁሉንም ነጥብ ደስ አያሰኝም» አለ። «ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር ትንሽ ትንሽ ይቀያየማል። የቅያሜው ድምር ከሁሉ ያነሰበትን መስመር ነው የምንወስደው።»

«እንደ ሽማግሌ በለና!» አለ ከኋላ የተቀመጠ የባንክ ሠራተኛ።

«እንደ ሽማግሌ። ግን ቅያሜውን በራሱ አባዝቶ ነው የሚደምረው፤ ስለዚህ በጣም የራቀውን በጣም ይሰማዋል።»

«ሽማግሌም እኮ የሚሰማው የጮኸውን ነው!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እየጻፍሁ ነበር። መምህሩ ሳቁ ሲበርድ አንድ ነገር ጨመረ። ሚዛናችሁ ቢበላሽና በሁሉም ሰው ላይ እኩል ቢያጎድል፣ መስመሩ እንዳለ ዝቅ ይላል እንጂ አያዘነብልም። አደጋው፣ አለ፣ ስህተቱ በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ሳይኖር ሲቀር ነው፤ ያኔ ስህተቱ ራሱ መስመሩን ይዞ ይወርዳል። ይህን ቃል በቃል ጽፌ ከሥሩ አሰመርሁበት። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

የእኔ ጥናት ስለ ገብስ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ገበሬው ከአስፋልቱ በራቀ ቁጥር ምርቱ ይቀንሳል ወይ? ከጫጫ ከተማ አጠገብ፣ መኪና በደጃቸው ከሚያልፍባቸው ቤቶች ጀምሬ፣ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ በእግር እስከሚያስኬዱት ድረስ መቶ ሃያ ቤት መረጥሁ። ጥር ላይ፣ አውድማው እንደተነሣ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ዞርሁ። ከየቤቱ አባወራውን «ከገብሱ ስንት ኬሻ አገኙ?» እላለሁ፤ የነገሩኝን እጽፋለሁ። የመሬቱን ስፋት እጽፋለሁ። ከአስፋልቱ እስከ ደጁ ስንት ሰዓት እንደሄድሁ በራሴ ሰዓት ይዣለሁ። አንዱም መልስ በግምት የተሞላ አልነበረም።

ወደ ኮምፒውተር ሲገባ መስመሩ ወረደ። በአንድ ሰዓት መንገድ ከግማሽ ኬሻ ትንሽ ያነሰ።

«አዩልኝ፣ እትዬ!» አለ አማካሪዬ ወንበሩን ወደ እኔ እየገፋ። «ቁልቁል ወረደልዎ! ስንቱ ተማሪ ነው ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ መስመሩ የሚተኛበት።»

ማብራሪያውን ለመጻፍ አልተቸገርሁም። ማዳበሪያ ሩቁ ቀበሌ ሲደርስ ዝናቡ ያልፋል፤ ምርጥ ዘር መንገድ ዳር ያልቃል። ያነበበው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁሉም አስቀድሞ የሚያምነው ነገር ነበርና። እኔም አመንሁ። እኔ ራሴ የሩቅ አገር ልጅ ነኝ፤ እንደተበደልን ሲነገረን ማስረጃ አንጠይቅም።

ግንቦት ላይ፣ ጽሑፉን ለማስገባት ዐሥር ቀን ሲቀረኝ፣ ከመቶ ሃያዎቹ በአንዱ ቅጽ ላይ የቤተሰቡ ብዛት ባዶ መሆኑን አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን «አምስት» ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ አላልፍም። ወንድሜ አባባን ሊጠይቅ መጥቶ ስለነበር ከሱ ጋር ተውሁትና በማለዳው ሚኒባስ ሄድሁ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር።

ባልና ሚስቱን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው፤ እሷ ገብስ ታበጥራለች፣ እሱ የሞፈር እንጨት ይጠርባል። ስድስት ነን አሉኝ። ከመጣሁ አይቀር ብዬ ሌላውንም መልስ አነበብሁላቸው።

«ገብሱ አምስት ኬሻ ነው የተባለው፤ ልክ ነው?»

«ማነው አምስት ያለሽ?» አለች ሴትዮዋ ሰፌዷን አቁማ። «ስድስት ነው እንጂ! የስድስቱንም ኬሻ አፍ የሰፋሁት እኔ አይደለሁ? ይኸው ጣቴ!»

«አምስት ነው» አለ ባልየው ቀና ሳይል።

«ስድስት!»

«እሷን አትስሚያት። አንደኛው በረከት ነው።»

«ምን ማለት ነው?» አልሁ።

«ምን ማለት ነው ትላለች እንዴ? አውድማ ላይ የመጀመሪያው ኬሻ ሲሞላ በረከት ይባላል። ሁለተኛው ሲሞላ ነው አንድ የሚባል። ታዲያ በረከት ይቆጠራል?»

«ሲበላማ ይቆጠራል!» አለች ሚስቱ። «ያንተው ሆድ ቆጥሮ ጨርሶታል።»

ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ለመሆኑ የት አገር ነሽ?»

«ከአንኮበር በላይ።»

«ታዲያ አባትሽ እንዴት ነው የሚሰፍር?»

በእኛ ቤት እህል ሲሰፈር ሴት አውድማ አትደርስም። እኔና እናቴ እቤት ሆነን አህያው እስኪመጣ እንጠብቃለን፤ ኬሻውን ተቀብለን እንከምራለን። አባቴ የመጀመሪያውን ኬሻ ምን ብሎ እንደሚጠራው በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። መቶ ሃያ ቤት የዞርሁት የገዛ አባቴን አቆጣጠር ሳላውቅ ነው።

እዚያው መንደር ሦስት ቤት ጠየቅሁ፤ ሦስቱም በረከት ብለው ነው የጀመሩት፣ ሦስቱም ለእኔ ሲነግሩኝ እሱን ትተዋል። ስመለስ ጫጫ ወረድሁና ከመንገድ ዳሩ ሰዎች አንዱን፣ ጥር ላይ የጠየቅሁትን፣ ከእህል መጋዘን ደጃፍ አገኘሁት።

«እኛ የምንሸጠው በሚዛን ነው» አለኝ። «በረከት ብዬ ልጀምር? ነጋዴው በነጻ ነዋ የሚጭነው!»

የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሪግሬሽን የገባኝ እዚያ ድንጋይ ላይ ነው፣ ሰሌዳ ፊት አይደለም። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ሁሉንም ኬሻ ነግሮኛል። ሩቅ ያለው አንድ ኬሻ አስቀርቶ ነግሮኛል። በመካከል ያሉት አንዳንዱ እንዲህ፣ አንዳንዱ እንዲያ ይሆናሉ። ሁሉም በረከት ቢሉ ኖሮ መስመሬ ዝቅ ብሎ እንዳለ በቀረ ነበር፤ ማንም ባይል ደግሞ ትክክል በሆነ ነበር። ነገር ግን ልማዱ ከአስፋልቱ ጋር አብሮ እየራቀ ነው የሚጠነክረው። ያ ሁሉ ያጸደቅሁት ቁልቁለት የመሬቱ ላይሆን ይችላል። እኔ የለካሁት ምርትን ሳይሆን ሰዎች አንድ ብለው ከየት እንደሚጀምሩ ነው።

በሩቆቹ ላይ አንድ ኬሻ መጨመር ቀላል ነበር። የመካከለኞቹን ግን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም፤ መቶ ሃያውንም ቤት እንደገና ማንኳኳት ነበረብኝ። የቀረኝ ዐሥር ቀን ነው። መንገዱም በጸጥታው ችግር በዚያ ወር አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ካልደረሰ ምረቃው ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

እቤት ስደርስ ወንድሜ አባባን ደግፎ ፀሐይ እያሞቀው ነበር። አባቴ ሳሉ ጋብ ሲልለት፣ «ደረሰ?» አለኝ።

«ደርሷል፣ አባዬ» አልሁ።

በማግስቱ አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ይህን ጻፍሁ፦ «የሁሉም ተጠያቂዎች የምርት መጠን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር የተሰበሰበ ነው።» በመዝገብ ቤት ከፋይል አንድ ወረቀት ሲጎድል፣ እስኪገኝ ድረስ አለቃ ቢቆጣ እንኳ ፋይሉን የማልለቅ ሴት ነኝ። ይህን ዐረፍተ ነገር ግን ጽፌ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍሁ። ዛሬም የሚያስፈራኝ ያ ነው።

ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ያቀረብሁ ቀን ከፈታኞቹ አንዱ በምንጮቹ ዝርዝር ውስጥ የተገለበጠ የዓመተ ምሕረት ቁጥር አገኘ። ሌላው «የገበሬዎቹ መልስ ይታመናል ይላሉ?» አለኝ።

«ገበሬዎቹ አልዋሹኝም» አልሁ። ይህ እውነት ነው።

አባቴ አዳራሽ መምጣት አልቻለም። የምረቃው ቀን ጋውኑን እንደለበስሁ በባጃጅ ወደ ቤት ሄድሁ። ወንድሜ በትራስ ደግፎ አስቀምጦት ጠበቀኝ። አባቴ የጋውኑን እጅጌ በሁለት ጣቱ ይዞ ጨርቁን ፈተሸው። «በይ አንብቢልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«የጻፍሽውን ነዋ። ለቀሚሱ ነው እንዴ እስካሁን የቆየሁት?»

«ረጅም ነው፣ አባዬ። ያደክምዎታል።»

«ፍሬ ነገሩን ንገሪኝ።»

ነገርሁት። ከአስፋልቱ የራቀ ገብስ ያንሳል፤ በሰዓት ይህን ያህል። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። የተኛ መስሎኝ ወረቀቱን ሳጥፍ ተናገረ።

«እነዚያ ሩቅ ያሉት፣ በረከቱን ቆጥረውልሻል?»

ወንድሜ «አዬ አባባ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ወረቀቱን ማጠፉን ተውሁ።

«አትሳቅ» አለው አባቴ። «በጃንሆይ ጊዜ አባቴ አንድ ብሎ ቢጀምር የባለ መሬቱ ሰው አጠገቡ ቆሞ አብሮት ይቆጥራል። በረከት ሲል ግን ሰውየውም አሜን ይላል። አሜን ያለበትን ደግሞ መልሶ አይቆጥረውም። በዚያ በአንዱ ነው ያደግን። ዛሬ ምክንያቱ ተረስቶ ልማዱ ቀርቷል። ለመንግሥት ሰው ማንም አይቆጥረውም።» ትንፋሹ አጠረውና ጠበቅሁት። «ቆጥረውልሻል ወይ?»

እዚያ ላይ «አልቆጠሩልኝም፣ ስህተት ነው» ማለት ነበረብኝ። ፊቱን አየሁት። ይህን ቀን ለማየት ስንት ሌሊት በግድ ሲተነፍስ እንደከረመ አውቃለሁ።

«ቆጥረውልኛል» አልሁ።

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው አገሩ ደክሟል» አለ። «በእኔ ጊዜ ከመንገድ ዳሩ አናንስም ነበር። በምን እናንሳለን? አፈሩ ጠፍቷል ማለት ነው።» ወደ ወንድሜ ዞረ። «ከዚህ በኋላ አትልፋበት። በሬዎቹን ሽጥና ና፤ ከእህትህ አጠገብ ሥራ ፈልግ።»

«መሬቱን እንዳትለቅ ሲሉኝ የኖሩት እርስዎ አይደሉ?» አለ ወንድሜ ደንግጦ።

«ያኔ ማን ነግሮኝ። አሁን እሷ ተማረችና ነገረችን።»

ያን ጊዜ እንኳ አፌን መክፈት እችል ነበር። ጋውኑን አውልቄ በጥንቃቄ አጠፍሁት፤ የኪራይ ነበርና በማግስቱ ይመለሳል።

አባቴ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ ዐረፈ። አገር ቤት ወስደን ቀበርነው። ወንድሜ ለማመንታት እንኳ ጊዜ አልወሰደም፤ የአባት የመጨረሻ ቃል ነውና። በመስከረም በሬዎቹን ሸጠ፣ መሬቱን ለጎረቤት የእኩል ሰጠ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ለጊዜው አማቶቹ ዘንድ አስቀምጦ ደብረ ብርሃን ገባ። አንድ ፋብሪካ ጥበቃ አድርጎ ቀጠረው።

እኔ ከኅዳር ጀምሮ መንገዱ በተከፈተ ቅዳሜና እሁድ ሁሉ እንደገና ዞርሁ። ማንም አላዘዘኝም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፤ «የዚያን ዓመት የመጀመሪያውን ኬሻ ምን ብለው ቆጠሩት?» አንዳንዱ ሳቀብኝ። አንድ ሽማግሌ «አሁንም እሱኑ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ስምንት ቤት ተዘግቶ አገኘሁ፤ ሰዎቹ ወዴት እንደሄዱ ጎረቤትም አያውቅም። የቀሩትን መቶ ዐሥራ ሁለቱን አስገባሁ።

መስመሩ ተኛ። አስፋልቱ ቀረበም ራቀም ገብሱ ያው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ በላይና በታች እንደፈለገ ተበትኗል፤ ርቀት ከሱ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

አማካሪዬ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አየ። «ጥሩ ሥራ ነው» አለ በመጨረሻ፤ ከልቡ ነበር። «ግን ተመርቀዋል እኮ፣ እትዬ። አሁን ምን ይሁን ነው የሚሉት?» የማረሚያ ገጽ ብጽፍ ከጽሑፉ ጋር እንዲቀመጥ እንደሚያደርግ ነገረኝ። ጻፍሁ፤ ተቀመጠ።

የቀረኝ ወንድሜ ነበር። አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ወደ ኪራይ ክፍሉ ሄድሁ። አልጋው ላይ ተቀምጦ የጥበቃ ካፖርቱን ቁልፍ እየሰፋ አገኘሁት። ሁለቱን ወረቀቶች ሰጠሁትና አስረዳሁት። የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ግን ከብዙ የክፍል ጓደኞቼ ፈጥኖ ገባው።

«እውነተኛው ይኸኛው ነው?» አለ የተኛውን መስመር እያሳየኝ።

«እሱ ነው።»

«ያኛው ስህተት መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽ?»

ይህን ጥያቄ ከፈታኞቹ አንዳቸውም አልጠየቁኝም።

«በግንቦት» አልሁ።

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። መርፌውን ካፖርቱ ኮሌታ ላይ ሰካ።

«አባባ እያለ።»

«አዎ።»

እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። አልጮኸም።

«በሬዎቹን የገዛው የደነባ ሰው ነው» አለ። «ቀዩን ለዳግማዊ ትንሣኤ አርደውታል አሉ። ዳለቻውን እያረሰበት ነው።»

ከዚያ ካፖርቱን ለበሰ፤ ፈረቃው ደርሶ ነበር። ወረቀቶቹን አጥፎ በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ውሰጃቸው» አለ። «እዚህ ከቆዩ እሳት አያይዝባቸዋለሁ።»